የሃያ ሁለት ግራር ቅርፊት

ሃጂራ ቅርፊት የምትመርጠው በምላሷ ነበር። ከጆንያው አንድ ስባሪ ታወጣለች፣ ታኝከዋለች፣ ትተፋዋለች። ድዷን ጨምድዶ ከያዛት ትገዛለች። ካልያዛት ጆንያውን በእግሯ ወደ ሻጩ ገፋ ታደርገዋለች።

«ድድ ያልያዘ ቆዳ አይዝም» ትላለች። ከዚህ በላይ አትከራከርም።

በኮልፌ አጣና ተራ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ትኖር ነበር። ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ፣ ትልቅ ሙቀጫና ሁለት ሚዛን ነበሩ። ቅርፊቱን ገበሬዎች ከሆለታና ከሰበታ መንገድ በአህያ ያመጡላታል። እሷ ታደርቀዋለች፣ ታስወቅጠዋለች፣ ከዚያ ለቆዳ አልፊዎች ትሸጠዋለች። እጆቿ እስከ ክርኗ ድረስ የደረቀ ደም የመሰለ ቀለም ነበራቸው። ሳሙና አያስለቅቀውም። ሂና የቀባች የሚመስላቸው ነበሩ፤ ቀርበው ሲያዩ ግን ዞር ይላሉ።

የፋቂ ልጅ ነበረች። አባቷ ፋቂ፣ አያቷ ፋቂ፣ ባሏም ፋቂ። የሰፈሩ ክርስቲያን «ዓይኗ ይበላል» እያለ ልጁን ከመንገዷ ያነሳ ነበር። እስላሙም ከዚያ አይሻልም። መስጊድ ውስጥ ከባሏ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚሰግድ ሰው፣ ለምሳ ሲሆን አያውቀውም። ቆዳውን ግን ሁሉም ይፈልገዋል። ኮርቻው፣ ስልቻው፣ ጫማው፣ የቁርዓኑና የዳዊቱ ማኅደር ሁሉ በፋቂ እጅ ያለፈ ነው።

አባቷ ያወረሳት አንድ ሕግ ነበር። በልጅነቷ ግራር ስር አቁሞ በጣቱ እያሳየ ነው ያስተማራት።

«ፀሐይ የማያገኘውን ጎን ብቻ ላጪ። ሲሶውን ለአንቺ፣ ሁለት እጁን ለዛፉ። ቀለበት አትዝጊ። ግራር ዙሪያውን ከተላጠ ውሃው ከሥር ይወጣል፣ ምግቡ ግን ከላይ አይወርድለትም። ሥሩ በረሃብ ይሞታል። ቀለበት የዘጋ ፋቂ ልጁን ጦሙን ያሳድራል።»

ሃጂራ ይህን ሕግ አርባ ዓመት ሙሉ አልጣሰችም። የጣሰችው አንድ ጊዜ ነው፤ ያኔም ሃያ ሁለት ዛፍ ላይ።

*

ነገሩ የጀመረው በ1949 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው።

ያን ጊዜ ሃጂራና ባሏ ሽኩር ከቀራንዮ በታች ወንዙ ዳር ነበሩ። አምስት የማልፊያ ጉድጓዶች ቆፍረው ነበር። መሬቱ የግራዝማች ወልደጊዮርጊስ ነው። ግራዝማች የአካባቢው ባለ ርስት፣ የባህር ዛፍ ጌታና የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ከቀራንዮ እስከ ኮልፌ ላለው አጥር፣ ለቤቱ ማገር፣ ለመቃብሩም ርብራብ የሚሆነው አጣና ከእሳቸው ኮረብታ ይወርዳል። «እኔ ዛፍ አውቃለሁ» ማለት ይወዱ ነበር። ከሰው ይልቅ ዛፍ እንደሚያውቁ ሰዉም ይስማማል።

ግቢያቸውን ግን ባህር ዛፍ አላስጠጉትም። ቤታቸውን የከበቡት ሃያ ሦስት ግራሮች ነበሩ። አያታቸው የተከሏቸው ናቸው። ትልቁ በሩ ላይ የቆመው ነው። ከስሩ የድንጋይ መደብ አለ። ግራዝማች ማክሰኞና ዓርብ እዚያ ተቀምጠው ይዳኛሉ። ለመድኃኔዓለም በዓል ደብሩን የሚያበሉት እዚያው ግራሮቹ ጥላ ስር ነው። «ግራር ግቢ» ሲባል የማያውቅ አልነበረም።

በዚያ የካቲት የግራዝማች በቅሎ ታመመች። ሎጋ ትባል ነበር። ሆዷ ተነፋ፣ ምላሷን አወጣች። ከሁለት ቀን በፊት ወንዙ ዳር ስትጠጣ ሽኩር ቀና ብሎ አይቷት ነበር። ይህን የተናገረው በቅሎ ጠባቂው ነው። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

ጠዋት አራት ሰዎች መጡ። የሽኩርን ጠጉር ሸለቱ፣ ከሸሚዙ ጫፍ ቀደዱ፣ አንድ ላይ አቃጥለው ጢሱን በቅሎዋን አሸተቷት። በላተኛው እንዲለቃት ነው። በቅሎዋ አራት ሰዓት ላይ ሞተች።

ከዚያ ሽኩርን በሩ ላይ ካለው ግራር ጋር አሰሩት። እጆቹን ወደ ኋላ አድርገው ግንዱን አሳቀፉት። ያሰሩበት ጠፍር ከራሱ ጉድጓድ የወጣ ነው፤ ያልለፋ፣ ጥሬ፣ ውሃ የሚንጠባጠብ። ጥሬ ጠፍር ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ፋቂ ይህን ያውቃል። ያሰሩትም ያውቁ ነበር።

የየካቲት ፀሐይ ነው። ሃጂራ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰች። የሽኩር ጣቶች አብጠው ጠቁረዋል። ግራዝማች ከዚያው ግራር ስር መደቡ ላይ ተቀምጠው የሁለት ጎረቤቶች የወሰን ክርክር እያዩ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ጌታዬ፣ ጠፍሩ እየደረቀ ነው። እጁን ይቆርጠዋል። ጠፍሩን ይፍቱለትና በገመድ ይሰሩት። ይሰሩት ግን በገመድ ይሁን።»

ግራዝማች ዞር ብለው አዩት። ከዚያ ባለጉዳዮቹን አዩ።

«ፋቂ አይደለም እንዴ?» አሉ። «ቆዳ ላይ ቆዳ ነው። ምን ይሆናል?»

ባለጉዳዮቹ ሳቁ። የወሰኑ ክርክር ቀጠለ።

የፈቱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በቃ የተባለው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ከእልፍኝ ወጥተው «ጩኸቱ ራሴን አመመኝ» ስላሉ ነው። ጠፍሩ ሥጋው ውስጥ ገብቶ አይፈታም ነበር። ሃጂራ በቆዳ መፋቂያዋ ጫፍ ቆረጠችው። የተቆረጠውን አልጣለችውም። ነጠላዋ ውስጥ ቋጠረችው።

በሁለት ወር ውስጥ ከሽኩር አሥር ጣቶች ሰባቱ ወደቁ። ጉድጓዶቹን የግራዝማች ሰዎች አፈር ሞሉባቸው። ወደ ኮልፌ ሲዛወሩ አከራዮቹ እጁን እያዩ «ይሄስ ከዘነበወርቅ የመጣ ነው» እያሉ በሩን ዘጉባቸው። ዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሰፈር ነው። ሽኩር ለማስረዳት ይሞክር ነበር። በኋላ ተወው።

ክስ ልታቀርብ አስባ ነበር። ዳኛው ራሳቸው ግራዝማች ናቸው። ችሎቱም ሽኩር የታሰረበት ዛፍ ስር ነው።

ሽኩር አራት ዓመት ኖረ። መፋቂያ መያዝ ስለማይችል እየተቀመጠ ይነግራታል፣ እሷ ትሠራለች። በ1953 ዓ.ም. ሞተ። ኮልፌ መካነ መቃብር ቀበረችው። የወደቁት ጣቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለው አጠገቡ ገቡ።

ሃጂራ በለቅሶው አልጮኸችም። ሴቶቹ ይህንንም ተናገሩባት።

*

ጊዜው የመጣላት በስዊዝ ቦይ በኩል ነው።

በ1959 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ግብፅና እስራኤል ተዋጉ፣ ቦዩ ተዘጋ። ሃጂራ ስዊዝ የት እንዳለ አታውቅም። የምታውቀው ለቆዳ ፋብሪካው ከባህር ማዶ በበርሜል ይመጣ የነበረው ማልፊያ መቅረቱን ነው። በመስከረም የፋብሪካው ዕቃ ገዢ እሷ ግቢ ድረስ በመኪና መጣ። የግራር ቅርፊት ይፈልጋል፤ የተገኘውን ያህል፣ ቶሎ።

መስከረም ደግሞ ቅርፊት የሚላጥበት ወር ነው። ዛፉ የክረምት ውሃ ጠጥቶ ቅርፊቱ ከእንጨቱ ይላቀቃል። በቢላ ጫፍ ቢነኩት እንደ ሙዝ ልጣጭ ይወርዳል።

ሰውየው ሲሄድ ሃጂራ ቀሚሷን ቀየረች፣ ጥቁር ጃንጥላዋን ያዘች፣ ጉታን ጠራች።

ጉታ የሰበታ ሰው ነው። አምስት አህዮችና ሁለት መጥረቢያዎች አሉት። ስድስት ዓመት አብሯት ሠርቷል። እቤቷ እህል የሚቀምስ፣ ከእጇ ውሃ ተቀብሎ የሚጠጣ ብቸኛ ሰው ነበር።

«የት ነው?» አላት።

«ግራር ግቢ።»

«እሱ ይሸጣል?»

«ይሸጣል። ምንም የማይጎድልበት የሚመስለውን ነገር የማይሸጥ ጌታ የለም።»

ግራዝማች አላወቋትም። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ያን ጊዜም ያዩት ፊቷን ሳይሆን ጀርባዋን ነው። መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሸምግለዋል፣ ወፍረዋል። እሷ ቆመች። የፋብሪካውን ዋጋ ነገረቻቸው።

«ዛፉን?» አሉ።

«ዛፉ የእርስዎ ነው። እኔ የምገዛው ቅርፊቱን ብቻ ነው።»

«ልብሱን ነዋ!» ግራዝማች ሳቁ። «ዛፌን ራቁቱን ልታስቀሪው ነው!»

«ሲሶውን ብቻ ነው የምላጠው፣ ግራዝማች። በአንድ ጎን።»

ተስማሙ። በማግስቱ ሥራው ተጀመረ።

ሃጂራ በአባቷ ሕግ ነበር የላጠችው። አንድ ነገር ብቻ ለወጠች። ፀሐይ የማያገኘውን ጎን ሳይሆን መንገዱን የሚያየውን ጎን መረጠች። በሦስተኛው ቀን ሃያ ሁለት ዛፎች ከጉልበት እስከ ሰው ቁመት ግማሽ ፊታቸው ተገፎ፣ ነጭ እንጨታቸው ለመንገደኛው ሁሉ ታየ። ትልቁን፣ በሩ ላይ ያለውን አልነካችውም።

«ይሄንንስ?» አሏት ግራዝማች።

«እሱ ይቅር። እርስዎ የሚቀመጡበት ነው።»

ደስ አላቸው። «ሰው ታከብሪያለሽ» አሉ።

ቅዳሜ የቀራንዮ ገበያ ነው። ገበያተኛው በግራር ግቢ በኩል ያልፋል። ሃጂራ የምትጠብቀው ይህን ነበር።

«እንዴ፣ የግራዝማች ግራሮች ሱሪያቸውን አወለቁ!» አለች አንዲት ሴት፣ ከነቅቤ ቅሏ ቆማ።

«ግማሽ ሱሪ ነው እንጂ» አላት ከኋላዋ የነበረው ሰው። «ሌላው ግማሽ ለልብስ ሰፊ ተሰጥቷል መሰለኝ።»

ሕፃናቱ ዘፈን አወጡለት። ማክሰኞ ችሎት የመጡ ባለጉዳዮች ከንፈራቸውን ነክሰው ቆሙ። እኩለ ቀን ላይ ግራዝማች ሃጂራን አስጠሩ።

«ምንድን ነው ይሄ? ራሱን ግማሹን ተላጭቶ እንደ ሸሸ ሰው አደረግሻቸው። ወይ ሙሉውን ላጪ ወይ መልሺው!»

«መመለስ አይቻልም፣ ግራዝማች።»

«እንግዲያው ዙሪያውን አስተካክዪው! አንድ ወጥ ይሁን። የቀረውንም ዋጋ ክፈዪ።»

ጉታ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጌታዬ» አለ፣ «ዙሪያውን ከተላጠ ይሞታል። ቀለበቱ ከተዘጋ ግራር አይተርፍም።»

ሃጂራ ጃንጥላዋን ጨብጣ መሬት መሬት አየች።

ግራዝማች ወደ ጉታ ዞሩ። መጀመሪያ የተቆጡ መሰሉ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ስማ እንጂ! አንተ ለእኔ ዛፍ ልታስተምር? በዚህ ኮረብታ ላይ ያለ ባህር ዛፍ ሁሉ በየዓመቱ ቅርፊቱን አውልቆ ይጥላል። እኔ ሃምሳ ዓመት አይቼዋለሁ። ሞተ? ይኸውና እንደ እባብ ቆዳውን ቀይሮ ይወፍራል። ብቆርጠው እንኳ ከጉቶው አምስት ሆኖ ይነሳል!»

«እሱ ባህር ዛፍ ነው፣ ጌታዬ። ይሄ ግራር ነው።»

«ዛፍ ዛፍ ነው!» አሉና ወደ ሃጂራ ዞሩ። «አንቺ በይ፣ እውነት ነው የሚለው?»

ይህን አላሰበችበትም ነበር። በቀጥታ ተጠየቀች። አዎ ብትል ነገሩ አበቃ፤ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው እዚያው ይቀራል። አይ ብትል ዋሸች፤ ነገ የሚከሳት ቃል በሰው ፊት ወጣ። ጉታ ያያታል።

«እኔ የቆዳ ሰው ነኝ፣ ግራዝማች» አለች። «ዛፍ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

«ሰማህ?» አሉ ግራዝማች ለጉታ። «ሴቲቱ ልኳን ታውቃለች።»

*

የቀረው ሁለት ቀን ፈጀ። ጉታ እያጉረመረመ ላጠ። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አህዮቹን ጭኖ ሲመለስ ሃጂራን ከአንደኛው ግራር ስር ተንበርክካ አገኛት። የሽኩርን መፋቂያ ይዛለች። የተላጠውን እንጨት እየፋቀች ነው። ቅርፊቱ ሲነሳ እንጨቱ ላይ የሚቀር ሙልጭልጭ ያለ ስስ ነገር አለ። እሱ ከተተወ ዛፉ አንዳንዴ ከዚያ ተነስቶ ቁስሉን ይሸፍናል። ሃጂራ እሱን ነው የምትፍቀው፤ እንደ በግ ቆዳ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ዙሪያውን፣ ሳትቸኩል።

ጉታ ዛፎቹን ቆጠረ። አሥራ ስድስቱ ተፍቀዋል።

«ይሄ ለቅርፊት አይደለም» አላት።

መፋቋን ቀጠለች።

«ሃጂራ፣ ስሚኝ እንጂ። እሱ ደንቆሮ ነው፤ በደንቆሮነቱ አዘዘ። እሺ። ይሄ ግን ያንቺ ነው። እነዚህ ምን አደረጉሽ? ከኮልፌ እስከዚህ ሌላ ግራር የለም። አባትሽ ቢያይሽ ምን ይላል?»

«አባቴ የሽኩርን እጅ አላየም።»

«እኔም አላየሁም። የሞተ ሰው ነው። ግራር ግን…»

«አንድ ዛፍ ላይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልታሰርክም፣ ጉታ። መፋቂያው እየደነዘ ነው፤ ድንጋዩን አቀብለኝ።»

ድንጋዩን አላቀበላትም። ጭነቱን ግቢዋ ድረስ አደረሰ፣ አራገፈ፣ አህዮቹን ሰበሰበ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ፈልጊ» አላት። በሩ ላይ የቀረበለትን ውሃም ሳይጠጣ ሄደ።

ሃጂራ ቅሉን ይዛ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ውሃውን ራሷ ጠጣችው።

*

በቀል የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነበር። ዛፎቹ አልሞቱም።

ጥቅምት አለፈ። ኅዳር አለፈ። ግራሮቹ አረንጓዴ ነበሩ። ሃጂራ በየሳምንቱ ገበያ የምትሄድ መስላ በዚያ ታልፋለች። ጃንጥላዋን ዘንበል አድርጋ ቀና ብላ ታያለች። አንድ ቅጠል አልጎደለም። አንድ ቀን ግራዝማች ከመደቡ ላይ ሆነው አዩአት።

«አንቺ የቅርፊት ሴት! ያ አህያ ነጂሽ የት አለ? ዛፌ ሲሞት ሊያለቅስ አይመጣም?» ብለው ጮኹ። ባለጉዳዮቹ ሳቁ።

የታኅሣሥን ወር እንቅልፍ ሳይወስዳት አሳለፈች። አባቷ ተሳስቶ ይሆን? ከሥር የቀረ ስስ ነገር ይኖር ይሆን? ሙቀጫ ላይ ቆማ ትወቅጣለች፣ ትወቅጣለች። ቅርፊቱ ከሚገባው በላይ ዱቄት ይሆናል። ከጉታ በኋላ የቀጠረችው ሰው ቅርፊት በጤዛ አስመትቶ አበላሸባት። ፋብሪካው ሁለት ጆንያ መለሰባት። በዕድሜዋ ሙሉ አንድ ጆንያ ተመልሶባት አያውቅም።

ጥር አጋማሽ ላይ ቅጠሎቹ ገረጡ። የካቲት ላይ ረገፉ።

ግራዝማች «በጋ ነው» አሉ።

በመጋቢት የበልግ ዝናብ ጣለ። በሩ ላይ ያለው ትልቁ ግራር በሳምንት ውስጥ ለመለመ። ሃያ ሁለቱ ግን እንደቆሙ ናቸው። ግራዝማች ውሃ አስጠጧቸው። ፍግ አስደረጉላቸው። ካህን አስጠርተው ጠበል አስረጩላቸው። በግንቦት ነቀዝ ገባባቸው። ከግንዶቹ ስር ነጭ ዱቄት ተከመረ። ንፋስ ሲነሳ ቅርንጫፍ እየተሰበረ አጥሩ ላይ ይወድቃል። በሰኔ፣ ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ሁሉ ሲያድግ፣ ግራር ግቢ የአጥንት ክምር መስሎ ቆመ።

በሰኔ ሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዎች ሃጂራን ሊወስዱ መጡ። ጃንጥላዋን አነሳች። ከሣጥኗ ውስጥ አንድ ቋጠሮ አወጣች። «እየመጣሁ ነው፤ አትግፉኝ» አለቻቸው። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችውን መንገድ በራሷ እግር ልትሄደው ፈለገች።

ግራዝማች መደቡ ላይ ናቸው። ሰው ተሰብስቧል። ወይዘሮ ሸዋረጋ ወንበር አስወጥተው በራፉ ላይ ተቀምጠዋል። ጉታም አለ፤ እሱንም አስጠርተውታል።

«ዛፎቼን ምን አደረግሻቸው?» አሉ ግራዝማች።

«ቅርፊታቸውን ገዛሁ።»

«ገደልሻቸው! መድኃኒት አድርገሽባቸዋል። ፋቂ ነሽ አሉኝ፤ ዓይንሽ ነው!»

«ያዘዙኝን ነው የሠራሁት። ዙሪያውን አስተካክዪው አሉኝ፣ አስተካከልኩ።»

«ይሞታል ብለሽ ነግረሽኛል?»

«ጉታ ነግሮዎታል።»

ግራዝማች ወደ ጉታ ዞሩ። ጉታ ሃጂራን አላያትም።

«ነግሬዎታለሁ፣ ጌታዬ። እዚሁ ቆሜ። ዛፍ ልታስተምረኝ ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ። ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቷል።»

አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነት ነው፤ እኔም ነበርኩ» አለ። ከኋላ ሌላ ሰው «ባህር ዛፍ ይተኩበት፤ እሱ መላጥ ለምዷል» ሲል ሳቅ ተነሳ። ግራዝማች የሳቀውን ፈለጉ። አላገኙትም።

ጉታ የመፋቂያውን ነገር አላነሳም። ማንም ስላልጠየቀው ነው። ሃጂራ ግን ለምን ዝም እንዳለ ያወቀች መስሏት አንድ ጊዜ አየችው። እሱ ደጅ ያቆማቸውን አህዮቹን ያያል።

«ለምን?» አሉ ግራዝማች። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ይሄን ትልቁንስ ለምን ተውሽው?»

«እሱ ምስክር ነው።»

«የምን ምስክር?»

ቋጠሮውን ፈታች። የደረቀውን፣ የጠቆረውን ጠፍር መደቡ ላይ፣ ከጎናቸው አስቀመጠችው።

«ባሌ ሽኩር እዚህ ዛፍ ላይ ታስሮ ነበር። በዚህ። በ1949፣ በየካቲት። እጁን ይቆርጠዋል ብዬ እግርዎ ላይ ወድቄ ነበር። ቆዳ ላይ ቆዳ ነው፣ ምን ይሆናል አሉኝ። እኔም ከዛፎችዎ የወሰድኩት ቆዳቸውን ብቻ ነው።»

ግራዝማች ጠፍሩን አዩት። ፊቷን አዩት። ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ያስታውሱ ዘንድ በእውነት እየሞከሩ ነበር።

«የካቲት አርባ ዘጠኝ…» አሉ። «ሎጋ የሞተችበት ጊዜ ነው! በቅሎዬ…»

ሌላ ነገር አላስታወሱም።

ሃጂራ አሥራ አንድ ዓመት ብዙ ነገር አስባ ነበር። ይቆጣሉ ብላ አስባለች። ያስገርፉኛል ብላ አስባለች። ይለምኑኛል ብላም አስባለች። ይረሱታል ብላ አላሰበችም። አፏ ውስጥ ያልያዘ ቅርፊት እንደቀመሰች ሁሉ ምራቋን ተፋች።

«የጮኸው ሰውዬ ነው።»

ሁሉም ዞረ። የተናገሩት ወይዘሮ ሸዋረጋ ናቸው። ከወንበራቸው አልተነሱም።

«በሩን ዘግቼ ጆሮዬን ይዤ ነበር» አሉ። «አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይሰማኛል። አንተ ወሰን ትዳኝ ነበር። ይቺ ሴት እግርህ ላይ ነበረች። አንተ ሳቅህ። እኔ ራሴን አመመኝ አልኩ፤ ተዉት አላልኩም።»

«ዝም በይ፣ ሸዋረጋ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩ፤ ዛፍህ ዳነ?»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ግራዝማች እጃቸውን ጠፍሩ ላይ ሊያሳርፉ ዘረጉና መለሱት። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ለመለመው ግራር ቀና ብለው አዩ። ዓይናቸውን ግንዱ ላይ፣ እጅ ይታሰርበት የነበረው ከፍታ ላይ ሲያሳርፉ ሃጂራ አየች። አሁን አስታወሱ፤ ወይም አስታወሱ ብላ አመነች። ጠፍሯን አንስታ ቋጠረች።

«ችሎቱ ካለቀ እሄዳለሁ» አለች። የከለከላት የለም።

*

ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ችሎት አልተቀመጠም። ግራዝማች ሁለት መጥረቢያ አስመጥተው በሩ ላይ ያለውን ትልቁን ግራር አስቆረጡት። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። ወሬው ኮልፌ ሲደርስ ሃጂራ ቅርፊት እየመዘነች ነበር። ሚዛኑን ሳትጨርስ ተነስታ ሄደች።

ግንዱ በመንገዱ ላይ ተጋድሟል። ሥሩ አካባቢ ቅርፊቱ ገና እርጥብ ነው። መቁረጫዋን አወጣች። ቆራጮቹ «ውሰጂው፣ ለማገዶ ነው» አሏት። ዙሪያውን ላጠችው። ለወደቀ ዛፍ ሕግ የለም።

ከዚያ በኋላ ግራዝማች በቆርቆሮ ጣሪያቸው ጠርዝ ስር ይዳኙ ነበር። በጋ ላይ ፀሐይ፣ ክረምት ላይ ፍንጣቂ ያገኛቸዋል። ባለጉዳዩ ወደ ሌላ አጥቢያ መሄድ ጀመረ። ሃያ ሁለቱ ግራሮች ከሰል ሆነው በየተራ ወጡ። ለሃጂራ ርካሽ ነው ብለው አቅርበውላት ነበር። አልገዛችም። ስዊዝ ሳይከፈት ፋብሪካው በርሜሉን በሌላ መንገድ ማስመጣት ጀመረ፣ የቅርፊት ዋጋ ወደቀ። ቅርፊት ፍለጋ እስከ ሆለታ ማዶ በእግሯ መሄድ ነበረባት። ቅርብ የነበረውን የገደለችው ራሷ ናት። ይህን ስትናገር አንድም ቀን ድምፅዋን አልለወጠችም። ጉታ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላም ይላታል። ቤቷ ግን አልገባም።

ከትልቁ ግራር ያመጣችውን ቅርፊት አልሸጠችውም። ወቀጠችው፣ ገንዳ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ውሃው እንደ ሻይ ከቀላ በኋላ ያንን ጠፍር ከተተችበት። ሃያ አምስት ቀን አቆየችው። ስታወጣው ለፍቷል፤ ለስልሷል፤ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። የለፋ ቆዳ ቢረጥብም ቢደርቅም አይሰበሰብም። ውሃ ውስጥ ነክራ ክንዷ ላይ አሰረችው፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች፣ እስኪደርቅ ጠበቀች።

ጠፍሩ አልተሰበሰበም። ፈታችውና የጆንያ ማሰሪያ አደረገችው።